ምዕራፍ ስድስት፦ አራተኛው ሯጭ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ ጌዶ ላይ ከወጣ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለቱ ሲያበቃ ባኮ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ፣ ሞቅ ያለ፣ ማንጎ የሚያፈራ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት አልፎ የሚሄድበት አገር። ሯጭ ፍለጋ የወጣ ሰው ባኮ ድረስ አይወርድም። እሱ የሚፈልገው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ደጋዎች፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባቸውን ቀዝቃዛ ወረዳዎች ነው። የሪዮ 2016 ኦሊምፒክ የማራቶን ብር ሜዳሊያ ባለቤት ፈይሳ ሌሊሳ የተወለደውም እዚሁ ምዕራብ ሸዋ፣ ጀልዱ ወረዳ ውስጥ ነው።

እንዲያም ሆኖ፣ የኢትዮጵያ ማራቶን ቡድን ስብስብ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና ከአዲሱ የውድድር ዘመን ምን እንደሚጠበቅበት ለማስረዳት ባኮን መነሻ አድርጌያለሁ። ምክንያቱ በቆሎ ነው። ባኮ የአገሪቱ የበቆሎ ምርምር ዋና ቦታ ነው፤ እዚያ የወጡት ዲቃላ ዝርያዎች ስማቸው ራሱ «ቢኤች» ብሎ ይጀምራል፤ ባኮ ሃይብሪድ ለማለት። ቢኤች 140 በ1988 ወጣ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1993 ቢኤች 660 ተከተለ፤ ለረጅም ዘመን የገበሬው ምርጫም እሱ ነበር። ረጅም ነው፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ዝናብ ባላነሰበት ቦታ የሚሰጠው ምርት ግን ያስደስታል። እሱ በየማሳው ሲነግሥ የባኮ ተመራማሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በየክረምቱ የእናቲቱን ፀጉር ብቅ ሳይል በወረቀት ከረጢት እየሸፈኑ፣ ከአባቱ ራስ ላይ የወንዴውን ዱቄት በሌላ ከረጢት እየሰበሰቡ፣ በእጃቸው እያራገፉ፣ ተተኪ ሲያዘጋጁ ኖሩ። ቢኤች 661 የወጣው በ2011 ነው። የአንበሳውን ድርሻ የያዘው ዝርያ አርጅቶ ተተኪ እስኪፈለግ ድረስ አልተጠበቀም፤ ተተኪው ቀድሞ በመስመር ላይ ነበር።

አሁን ወደ ሯጮቹ።

ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ የወንዶች ማራቶን ቡድን ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ሲሳይ በታኅሣሥ 2023 ቫሌንሲያ ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሮጦ፣ በሚያዝያ ደግሞ ቦስተንን አሸንፎ የመጣ ነው። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቶ ቦታውን በእግሩ ያስከበረ ነው። ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ነበር። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ወጣ፤ ታምራት ገባ። ነሐሴ 10 ቀን ታምራት በ2፡06፡26 አንደኛ ሆነ፤ ሳሙኤል ዋንጂሩ በቤይጂንግ 2008 ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በስድስት ሰከንድ አሻሻለ፤ ከሲድኒው ገዛኸኝ አበራ ወዲህ በኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ያመጣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመካከሉ 24 ዓመት አለ። ደሬሳ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኑ።

እንግዲህ ይህን ውጤት ሁለት ዓይነት ሰው ያነበዋል። አንዱ «ዕድል ነው» ይላል። ሌላው «እንዲህ ያለ ሰው ተጠባባቂ የሚሆንበት አገር የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ታምራት እኮ በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በኅዳር 2023 ኒውዮርክን በ2፡04፡58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈ ሰው ነው። በብዙ አገር ቢሆን ቡድኑ የሚሰበሰበው በእሱ ዙሪያ ነበር። እዚህ አራተኛ ሆነ።

የስብስብ ስፋት የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንደኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ስለ አንድ ሰው ነው የሚነግረን፤ አራተኛው ማን ነው የሚለው ስለ አገር።

አሜሪካኖች በቤዝቦላቸው ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቁታል። አንድ የዋናው ሊግ ክለብ በየቀኑ ሊያሰልፍ የሚችለው 26 ተጫዋች ነው፤ በመዝገቡ የያዘው ግን 40 ነው፤ ከዚያ በታች ደግሞ በአራት ደረጃ የተደረደሩ የታዳጊ ቡድኖች አሉት። የውድድር ዘመኑ ሊከፈት ሲል የክለቡን ደጋፊ ከኮከቡ ይልቅ የሚያስጨንቀው ኮከቡ ቢጎዳ ከታች የሚመጣው ማን ነው የሚለው ነው። የጎደለ ቦታ ካለ ክለቡ ከሌላው ይገዛል ወይም ይለዋወጣል። ብሔራዊ ቡድን ይህ ዕድል የለውም። የሚሰለፈው ባበቀለው ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ደንቡ ከእያንዳንዱ አገር በአንድ ውድድር ከሦስት ሰው በላይ አይፈቅድም። በዓለም ሻምፒዮና ብቻ ያለፈው አሸናፊ በራሱ መብት አራተኛ ሆኖ ይገባል፤ በቡዳፔስት 2023 የኢትዮጵያ ሴቶች ማራቶን ቡድን አራት የነበረው ጎቲቶም ገብረስላሴ የዩጂን ሻምፒዮን ስለነበረች ነው። ያን ዕለት አማኔ በሪሶ ወርቅ፣ ጎቲቶም ብር ወሰዱ።

ደንቡ ለኢትዮጵያና ለኬንያ ጠባብ ነው። ለሌላው ዓለም ግን በር ነው፤ ባይኖር የማራቶን መድረክ ላይ የሁለት አገር ባንዲራ ብቻ ይሰቀል ነበር ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ደንቡን መራገም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሦስቱን እንዴት እንደምንመርጥ መጠየቅ ነው፤ ጉዳችንም ያለው እዚያ ነው።

በትራክ ውድድር መልሱ ቀላል ነው፤ ማጣሪያ ይደረጋል፣ ቀድመው የገቡት ያልፋሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ የሚሮጥ ሰዓት ከዝቅተኛ ቦታ ሰዓት ጋር አይወዳደርም፤ በዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ማጣሪያውን ወደ ውጭ ሲያወጣ ኖሯል። በሰኔ 2021 ሆላንድ ሄንግሎ ላይ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በተደረገው ማጣሪያ ለተሰንበት ግደይ 10,000 ሜትርን በ29፡01.03 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ያውም ሲፋን ሐሰን እዚያው ከተማ ላይ ከሁለት ቀን በፊት የሰበረችውን። ልብ በሉ፤ ይህ የኦሊምፒክ ፍጻሜ አይደለም፣ ለቡድን መግቢያ የተደረገ ሩጫ ነው።

ማራቶን ግን ማጣሪያ አይወድም። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው በሙሉ ኃይሉ 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው። በግንቦት ማጣሪያ ያሸነፈ በነሐሴ እግሩ ይከዳዋል። በዚያ ላይ ሯጩ የሚበላው ከከተማ ማራቶኖች ነው፤ ዱባይ በጥር፣ ቶኪዮ በመጋቢት፣ ቦስተንና ለንደን በሚያዝያ፣ በርሊን በመስከረም፣ ቺካጎ በጥቅምት፣ ኒውዮርክ በኅዳር፣ ቫሌንሲያ በታኅሣሥ። በዱባይ 2012 የአንደኛው ሽልማት 250 ሺህ ዶላር ነበር። የዓለም አትሌቲክስ በኦሊምፒክ ለወርቅ ገንዘብ መስጠት የጀመረው ገና በፓሪስ ነው፤ እሱም 50 ሺህ ዶላር። ስለዚህ መራጮቹ ሯጩ በየከተማው ያመጣውን ሰዓት ይዘው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ።

ጠረጴዛው ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ለማየት የ2012ቱን ቡድን ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል።

ጥር 27 ቀን 2012 ዱባይ ላይ ከዚያ በፊት ያልታየ ሩጫ ተሮጠ። አየለ አብሽሮ 2፡04፡23፣ ዲኖ ስፍር 2፡04፡50፣ ማርቆስ ገነቲ 2፡04፡54፣ አራተኛው ኬንያዊ ጆናታን ማዮ 2፡04፡56። አራት ሰው ከ2፡05 በታች በአንድ ጧት። በሚያዝያ ጌቱ ፈለቀ ሮተርዳም ላይ 2፡04፡50 ጨመረበት። ወረቀቱ ላይ ሦስቱ ፈጣን ስሞች ተለዩ፤ አየለ፣ ዲኖ፣ ጌቱ። የለንደን ኦሊምፒክ ቡድን እነሱ ሆኑ።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ምንድን ነው? ፀጋዬ ከበደ። የቤይጂንግ 2008 የነሐስ ባለቤት፣ በ2009 በርሊን የዓለም ሻምፒዮና እንደገና ነሐስ፣ በ2010 ለንደን ማራቶንን ያሸነፈ፣ በዚያው በ2012 ሚያዝያ ደግሞ ለንደን ላይ ሦስተኛ የወጣ። ኦሊምፒኩ የሚደረግበትን ከተማ የሚያውቅ፣ በሙቀትና ያለ አሯሯጭ በሚደረግ ሩጫ የተፈተነ ሰው። ሌላው ፈይሳ ሌሊሳ ነበር፤ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዴጉ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያገኘ። ሁለቱም ቀሩ።

ነሐሴ 12 ለንደን ሞቃት ነበር። ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ሩጫውን አልጨረሱም። ያሸነፈው የኡጋንዳው ስቴፈን ኪፕሮቲች ነው፤ 2፡08፡01። የዚህ ሰው የግል ምርጥ ሰዓት 2፡07፡20 ነበር፤ ከሦስቱ ኢትዮጵያውያን ሰዓት በሁለት ደቂቃ ተኩልና ከዚያ በላይ የዘገየ። ስምንት ሳምንት አለፈ። ጥቅምት 7 ቺካጎ ላይ ፀጋዬ ከበደ በ2፡04፡38 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ሁለተኛ ፈይሳ ሌሊሳ፣ 2፡04፡52። ሦስተኛም ኢትዮጵያዊው ጥላሁን ረጋሳ። ከኦሊምፒክ ቡድን ውጭ የቀሩ ሰዎች ቺካጎን ጠራርገው ወሰዱ።

በሴቶቹም ነገሩ ተመሳሳይ መልክ አለው። ከሦስቱ ሁለቱ፣ አሰለፈች መርጊያና ማሬ ዲባባ፣ በዱባይ ሰዓት የገቡ ነበሩ፤ ለንደን ላይ ከመሪዎቹ ርቀው ገቡ። ወርቁን በ2፡23፡07 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያመጣችው ከሮተርዳም የመጣችው ቲኪ ገላና ናት። ማሬ በሦስት ዓመቱ ቤይጂንግ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ ችግሯ የአቅም አልነበረም። በጥር ጫፍ ላይ የደረሰ እግር በነሐሴ እንደገና ጫፍ ላይ እንዲገኝ መጠበቅ ግን ብዙ መጠበቅ ነው።

የባኮ ተመራማሪ በዚህ ይስቃል። በእሱ ሙያ አንድ ዝርያ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ክረምት፣ ማዳበሪያው ሞልቶ፣ ዝናቡ ተመችቶ ስላፈራ ብቻ ለገበሬ አይለቀቅም። በተለያየ ከፍታና አፈር ላይ፣ ከአንድ በላይ ክረምት ይዘራል። በሽታ ባለበት ይሞከራል። ከነባሩ ዝርያ ጎን ይቆማል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴ ማሳው ድረስ ሄዶ ያያል። ዱባይ ሜዳ ነው፣ በጥር ጧት ቀዝቀዝ ይላል፣ አሯሯጭ አለው፤ ጥሩ ማሳ ነው። ግን አንድ ማሳ ነው።

የፓሪሱ ቡድን ከለንደኑ የሚሻለውም በዚህ ይመስለኛል። የፓሪስ መንገድ ከ400 ሜትር በላይ ዳገት ነበረው፤ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው አቀበት ተመልካቹን ራሱ ያስተነፍሳል። ቦስተንና ኒውዮርክ ሁለቱም ዳገታማ ናቸው፣ ሁለቱም ያለ አሯሯጭ የሚሮጡ። ሲሳይ ከቦስተን፣ ታምራት ከኒውዮርክ የመጡ መሆናቸው ሲሳይ ሲጎዳ የተካው ሰው የዚያው ዓይነት ማሳ ሰው ነበር ማለት ነው። መራጮቹ ይህን አስበው አድርገውት ከሆነ ምስጋና ይገባቸዋል።

ከዋናው ተስፋ ጀርባ የቆመ ሰው ወርቅ ሲያመጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በሮም 1960 ወደ ጣሊያን ሊሄድ የነበረው ዋሚ ቢራቱ ሆኖ እሱ በመጎዳቱ አበበ ቢቂላ እንደተተካ በብዛት ይነገራል፤ ይህን ታሪክ የሚጠራጠሩም አሉ። በሜክሲኮ 1968 ግን የሚያጠራጥር የለም። ሁሉም ዓይን የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ አበበ ላይ ነበር፤ አበበ በጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጣ። ማሞ ወልዴ፣ በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ያገኘው የ36 ዓመቱ ሰው፣ 2፡20፡26 ሮጦ ወርቁን አዲስ አበባ አስገባ። መርዓዊ ገብሩ ስድስተኛ ሆነ። ያኔ «ስብስብ» የሚል የስፖርት ቃል በጋዜጦቻችን መኖሩን አላውቅም፤ ነገሩ ግን ነበረ።

የፈይሳ ተራ በ2016 ደረሰ። ያኔም ምርጫው ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። በሚያዝያ ለንደን ላይ ሦስተኛ የወጣው ቀነኒሳ ከቡድኑ ውጭ መሆኑን በአደባባይ ተቃወመ፤ ከሪዮው ማራቶን አምስት ሳምንት በኋላም በርሊንን በ2፡03፡03 አሸነፈ። የተመረጡት የቦስተኑ አሸናፊ ለሚ ብርሃኑ፣ የዱባዩ አሸናፊ ተስፋዬ አበራና የቶኪዮው አሸናፊ ፈይሳ ነበሩ። ሦስቱም በዚያ ዓመት ከተማ አሸንፈዋል፤ ቀነኒሳ አላሸነፈም። ስለዚህ መራጮቹ ክርክር ነበራቸው ማለት ይቻላል። ከሦስቱ ሜዳሊያ ያገኘው የጀልዱው ልጅ ብቻ ነው፤ 2፡09፡54፣ ከኬንያው ኪፕቾጌ ቀጥሎ። መስመሩ ላይ ሲደርስ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ በኦሮሚያ በየከተማው፣ በአምቦም ጭምር፣ የተቃውሞ ምልክት የነበረውን። ወደ አገሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት ስደት በኋላ በጥቅምት 2018 ነው። ስለ ስብስብ ስፋት ሲነገር ይህም ሊነገር ይገባዋል፤ አንድ ቡድን ሰው የሚያጣው በጡንቻ ጉዳት ብቻ አይደለም።

ሰው የሚፈስበት ሌላም ቀዳዳ አለ። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በ2008 በ15 ዓመቷ ሆላንድ ገባች። በፓሪስ የሴቶች ማራቶን 2፡22፡55 ሮጣ ወርቅ ወሰደች፤ ሦስት ሰከንድ ዘግይታ የገባችው ትዕግስት አሰፋ ናት። ከዚያ ቀደም ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሆና ለባሕሬን፣ አበባ አረጋዊ ለስዊድን ሮጠው የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። የዓለም አትሌቲክስ በ2017 የዜግነት ዝውውርን አግዶ በተከታዩ ዓመት የሦስት ዓመት ጥበቃ ያለበት ደንብ አወጣ። ደንቡ ግዢውን አቀዘቀዘው፤ የሚሄዱበትን ምክንያት ግን አልነካም። አምስተኛ ወይም ስምንተኛ የሆነች ልጅ በአገሯ ማሊያ የመሮጥ ተስፋ ካጣች ሌላ ማሊያ ታያለች። ለእኔ ይህ ክህደት አይደለም።

ከመጪው ዘመን ምን እንጠብቅ? በሴቶች በኩል ስጋቱ ትንሽ ነው። ትዕግስት፣ ሪዮ ላይ 800 ሜትር የሮጠችው፣ በ2023 በርሊንን በ2፡11፡53 ሮጣ የማራቶንን የሴቶች ሰዓት ሌላ ቦታ አደረሰችው፤ በመስከረም 2025 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ከኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በሁለት ሰከንድ ተበልጣ እንደገና ብር ወሰደች። ሁለት ትልልቅ ውድድር፣ በድምሩ አምስት ሰከንድ። በእሷ ስር ቫሌንሲያን 2፡14፡58 የሮጠችው አማኔ አለች፤ ያለምዘርፍ የኋላው አለች።

ወንዶቹ ያሳስቡኛል። ያው ቶኪዮ ላይ መድረኩን የያዙት የታንዛኒያው አልፎንስ ሲምቡ፣ የጀርመኑ አማናል ጴጥሮስና የጣሊያኑ ኢሊያስ አዋኒ ናቸው። ታምራት ሠላሳዎቹን አጋምሷል፣ ሲሳይም እንዲሁ፣ ቀነኒሳን ከእንግዲህ መጠበቅ ግፍ ነው። ተስፋው ከትራኩ ወደ ጎዳና በሚወርዱት ላይ ነው፤ ከእነሱም ዮሚፍ ቀጀልቻን አስቀድማለሁ። በጥቅምት 2024 ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ57፡30 ሮጧል፤ በቶኪዮው 10,000 ሜትርም ብር አለው። ግን ግማሽ ማራቶን ግማሽ ነው፤ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለውን አይናገርም።

ከታች ያለው ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። በቆጂ ስሟ በዓለም የታወቀ ነው፤ አሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ ማሠልጠኛ አላት። ስለዚህ የአርሲ ልጅ መንገዱን ያውቀዋል። የጀልዱ ወይም የጌዶ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ውድድር ተነሥቶ ክለብ እስኪያገኝ ድረስ ያለውን መንገድ በአብዛኛው ብቻውን፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እያደረ ነው የሚሄደው። ፈይሳ አንድ ጊዜ ወጥቶ ታይቷል። ስንቱ ሳይታይ እንደቀረ የሚቆጥር የለም፤ ደጋው ግን ያው ደጋ ነው።

የሎስ አንጀለስ 2028 ቡድን ምርጫ ሳይጀመር ፌዴሬሽኑ ሦስት ነገር በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፤ የትኞቹ ውድድሮች እንደሚቆጠሩ፣ ሰዓት ምን ያህል ሻምፒዮና ውጤት ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ተጠባባቂውም ከሦስቱ እኩል ካምፕ፣ እኩል አሠልጣኝ፣ እኩል አበል እንደሚያገኝ። እናንተም አንባቢዎች፣ ቡድኑ ሲታወጅ ሦስቱን ስም ሰምታችሁ ራዲዮውን አትዝጉ። ተጠባባቂው ማን እንደሆነ ጠይቁ።